ስድስት እቃ በአንድ እስራት፦ ለሲኤንሲ ማሽን አንዴ ጽፎ ስድስቴ መቁረጥ

አንድ ወዳጄ በቀደም የሲኤንሲ ማሽን (በኮምፒውተር ኮድ የሚታዘዝ መቁረጫ) ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዞ መጣ። «እስቲ እየው፣ ከስድስቱ አንዱ ሁሌ ይበላሽብኛል» አለኝ። ፋይሉን ስከፍተው ከአራት ሺህ መስመር በላይ ነው። እቃው ደግሞ ተራ የአሉሚኒየም ሳህን ነው፤ አራት ቀዳዳ አለው፣ ዙሪያው ይቆረጣል፣ በቃ። ለካ የአንዱን እቃ ኮድ ስድስት ጊዜ ኮፒ አድርጎ፣ ቁጥሮቹን እየቀየረ አንዱን ከሌላው በታች ለጥፎታል። ደንበኛው «ቀዳዳዎቹ ትንሽ ይራራቁ» ሲለው አምስቱን ቦታ አስተካክሎ ስድስተኛውን ዘለለው። ጥፋቱን ግን ሦስት ቀን ሙሉ ማሽኑ ላይ ሲፈልግ ነው የከረመው።

እቃው ሲበዛ ኮዱ መብዛት የለበትም። መብዛት ያለበት ቦታው ነው። የአንዱን እቃ አሠራር አንዴ ትጽፋላችሁ፤ ከዚያ ማሽኑን «ይህንኑ እዚያም ድገመው» ማለት ብቻ ነው። ይኼን በአንድ ምሳሌ ከጫፍ እስከ ጫፍ ላሳያችሁ።

ምሳሌያችን ያው የወዳጄ ሳህን ነው። ሲያልቅ 57 በ37፣ ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር ነው። አራት ባለ6 ሚሊሜትር ጥርስ ቀዳዳዎች አሉት። ጥሬው 60 በ40 በ17 ተቆርጦ ይመጣል። ማሽኑ ባለሦስት አክሲስ (ኤክስ፣ ዋይ እና ዜድ በሚባሉ ሦስት አቅጣጫዎች የሚሄድ) ቁም ፍሬዛ፣ መቆጣጠሪያው (ኮዱን የሚያነበው ኮምፒውተር) ፋኑክ የሚባለው ዓይነት ነው። ኮዱን እዚህ በፊደላችን ነው የጻፍኩት፤ ማሽኑ ላይ ያው በላቲን ነው የሚገባው።

1. መጀመሪያ ያዋጣ እንደሆነ አስሉ

አምስት ቱል (መቁረጫ) ያስፈልገናል። ፊቱን የሚያስተካክል ባለ50 ፌስ ሚል፣ ዙሪያውን የሚቆርጥ ባለ12 ኢንድ ሚል፣ ቀዳዳ የሚጠቁም አጭር ፑንታ፣ የሚበሳ ባለ5 ፑንታ እና ጥርስ የሚያወጣ ታፕ። እቃዎቹን አንድ በአንድ ብትሠሩ ለስድስት እቃ 30 ጊዜ ቱል ይቀየራል። አንድ ላይ አስራችሁ እያንዳንዱ ቱል ስድስቱንም ከጨረሰ በኋላ ቢቀየር ግን 5 ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ቅያሬ 7 ሰከንድ ቢፈጅ 210 ሰከንዱ ወደ 35 ይወርዳል። ለአንድ እቃ 29 ሰከንድ ገደማ ማለት ነው።

ትልቁ ትርፍ ግን እሱ አይደለም። አንዱ እቃ 3 ደቂቃ ከፈጀ፣ ኦፕሬተሩ በየ3 ደቂቃው በር ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ሌላ ሥራ አይነካም። ስድስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ 15 ደቂቃ ያህል እጁ ነጻ ነው። ያለቁትን ጠርዛቸውን ይሞርዳል፣ ይለካል፣ ሻዩን ይጠጣል።

አሥር እቃ ብቻ ከታዘዛችሁ ግን ይኼን ሁሉ አትድከሙ። አንድ ሞርሳ (እቃውን ነክሶ የሚይዝ) ይበቃችኋል።

2. እስራቱ

ሦስት ባለሁለት አፍ ሞርሳ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን እናስራለን። እያንዳንዱ ሁለት እቃ ይይዛል፤ አንዱን ከኋላ፣ አንዱን ከፊት። መሀል ያለው መንጋጋ አይንቀሳቀስም፤ የሚሄዱት የዳር ዳሮቹ ናቸው። ዳያል (ባለመርፌ መለኪያ) ስፒንድሉ (ቱሉን የሚያዞረው ክፍል) ላይ አስራችሁ በመሀለኛው መንጋጋ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኪዱት። መርፌው ከ0.01 ሚሊሜትር በላይ እንዳይነቃነቅ እያያችሁ ሞርሳውን አጥብቁ። ሦስቱንም እንደዚሁ።

ለእያንዳንዱ እቃ የራሱ የጎን ማቆሚያ ያስፈልገዋል። አምስት ማቆሚያ አዘጋጅቶ ስድስተኛውን «በዓይን ይሆናል» ያለ ሰው አይቻለሁ። አልሆነም።

ከእቃው ሥር ፓራለል (እኩል ከፍታ ያለው መደገፊያ ብረት) ይገባል። መንጋጋው የሚነክሰው የታችኛውን 5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ጥሬው 17 ነው፤ ፊቱ ላይ 1 ይነሳል፤ የዙሪያው ቁርጥ 10 ይወርዳል። ስለዚህ የኢንድ ሚሉ ጫፍ ከፓራለሉ 6 ሚሊሜትር ላይ ይቆማል። ከመንጋጋው በላይ 1 ሚሊሜትር ይተርፈናል ማለት ነው። ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ትበቃለች። ታች የሚቀረው 6 ሚሊሜትር ትርፍ ነው፤ እቃው ሲገለበጥ ይነሳል።

በኋለኛውና በፊተኛው እቃ መካከል ያለው ክፍተት ከመቁረጫው ውፍረት መብለጥ አለበት። ባለ12 ኢንድ ሚል ዙሪያውን ሲዞር ጎረቤቱን መንካት የለበትም። ይኼን ስክሪን ላይ ሳይሆን በካሊፐር ለኩት።

አሁን ብዙ ሰው የሚስታት ነገር። የኋለኛው እቃ መሀለኛውን መንጋጋ የሚነካው በፊቱ በኩል ነው፤ የፊተኛው ደግሞ በጀርባው። የዜሮውን ነጥብ (ኮዱ ርቀት የሚቆጥርበትን መነሻ) ጥግ ላይ ካደረጋችሁ ለኋለኛው አንድ ጥግ፣ ለፊተኛው ሌላ ጥግ ይሆናል፤ ኮዱም ሁለት ዓይነት ይሆናል። መላው ዜሮውን እቃው መሀል ላይ ማድረግ ነው። ከመሀለኛው መንጋጋ 20፣ ከማቆሚያው 30 ሚሊሜትር። ያኔ አንዱ ኮድ ለሁለቱም ይሠራል። «ለፊተኛው በመስታወት ልገልብጠው» የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ ተዉት። መስታወት የመቁረጫውን አዟዟር ስለሚገለብጠው የፊቱ ልስላሴ ይለያያል።

3. ለስድስት ቦታ ስድስት ዜሮ

ፋኑክ ከጂ54 እስከ ጂ59 ስድስት የሥራ ዜሮ ይሰጣል። ለእኛ ልክ ነው። የኋላውን ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ 54፣ 55፣ 56 በሉት። የፊቱን ረድፍ ከቀኝ ወደ ግራ 57፣ 58፣ 59። እባብ እንደሚሄደው ሲሆን ባዶ ጉዞው ያጥራል። ሞርሳዎቹ ላይ በማርከር ከ1 እስከ 6 ጻፉባቸው።

ከስድስት በላይ ሲሆን ፋኑክ ጂ54.1 ከፒ1 እስከ ፒ48 አለው፤ አማራጭ ስለሆነ ማሽናችሁ ላይ መኖሩን አረጋግጡ። ሃስ የሚባለው መቆጣጠሪያ ላይ ጂ154 ከፒ1 እስከ ፒ99 ነው። ሲመንስ ላይ ከጂ505 እስከ ጂ599።

የእያንዳንዱን ቦታ ኤክስ እና ዋይ ነክታችሁ አስገቡ። ዜድ ዜሮው ያለቀው የላይኛው ፊት ነው፤ ከፓራለሉ 16 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ።

ቁጥሮቹን በጂ10 ከፕሮግራም ማስገባትም ይቻላል፦

ጂ90 ጂ10 ኤል2 ፒ1 ኤክስ-520. ዋይ-180. ዜድ-410.

ፒ1 ማለት ጂ54፣ ፒ6 ማለት ጂ59 ነው። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው። ግን ይህን መስመር ዋናው ፕሮግራም ራስ ላይ አታስቀምጡት። ኦፕሬተሩ ቦታ 3ን በ0.03 አስተካክሎ ሲጨርስ፣ ፕሮግራሙ እንደገና ሲነሳ የድሮውን ቁጥር መልሶ ይጽፍበታል። ሰውየው እስኪያብድ ያስተካክላል። ለብቻው አጭር ፕሮግራም አድርጉት፤ ማሽኑ ሲዘጋጅ አንዴ ይሂድ።

እቃዎቹ በአንድ ሳህን ላይ እኩል ርቀት ተቀምጠው ከሆነ ጂ54 ብቻ ይዞ በጂ52 መራመድም ይቻላል፤ ለምሳሌ ጂ52 ኤክስ80.። ሲያልቅ ጂ52 ኤክስ0 ዋይ0 ብሎ መሰረዝ ግዴታ ነው፤ ካልተሰረዘ ቀጣዩ ቱል ከተሳሳተ ቦታ ይጀምራል። ሞርሳ ሲሆን ርቀቱ መቼም በትክክል እኩል ስለማይሆን እኔ አልጠቀመውም።

4. የአንዱን እቃ ሥራ ጻፉ

ለእያንዳንዱ ቱል አንድ ንዑስ ፕሮግራም (ከዋናው የሚጠራ አጭር ፕሮግራም)፦ ኦ1001 ፊት፣ ኦ1002 ዙሪያ፣ ኦ1003 መጠቆም፣ ኦ1004 መብሳት፣ ኦ1005 ጥርስ ማውጣት። ውስጣቸው ቱል መቀየር የለም፣ ስፒንድል ማስነሳት የለም፣ ጂ54 የሚል ነገርም የለም። መቁረጥ ብቻ። ሁሉም ዜድ50 ላይ ይጀምራሉ፤ ዜድ50 ላይ ይጨርሳሉ። መብሳቱ ይኼን ይመስላል፦

ኦ1004
ጂ98 ጂ83 ኤክስ20. ዋይ10. ዜድ-15. አር2. ኪው4. ኤፍ500
ኤክስ-20.
ዋይ-10.
ኤክስ20.
ጂ80
ኤም99

ጂ83 እየደጋገመ የሚበሳ ዑደት፣ ኤም99 ወደ ጠራው ፕሮግራም መመለስ ነው። ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ያለችው ነጥብ። አንዳንድ መቆጣጠሪያ ላይ ነጥብ የሌለው 20 ማለት 0.020 ሚሊሜትር ነው። ሁለተኛ፣ ጂ98 ፑንታውን በየቀዳዳው ወደ ዜድ50 ይመልሰዋል። ጂ99 ብትሉ ከፊቱ 2 ሚሊሜትር ላይ ብቻ ይቆማል፤ ቀጥሎ ወደ ጎረቤት ሲሄድ መንገድ ላይ የቆመ ማቆሚያ ካለ ይዞት ይሄዳል።

ሦስተኛዋ ጂ80 ናት። እሷን እኔ ራሴ አንዴ ረስቻታለሁ። ያኔ የመሄጃ መስመሬ ላይ ጂ0 አልነበረም፤ የመብሳት ዑደቱ ስላልተዘጋ ማሽኑ ወደ ቀጣዩ እቃ ዜሮ ሲሄድ «እዚህም ብሳ» ተባልኩ ብሎ መሀሉን በሳው። ዜሮው ደግሞ እቃው መሀል ላይ ነው። አምስት ሳህን፣ መሀላቸው ላይ ቆንጆ ባለ5 ቀዳዳ ያላቸው። እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አሉ።

ጥልቀቱ ለምን 15 ሆነ? ያለቀው እቃ 10 ነው፣ ከሥሩ 6 ሚሊሜትር ትርፍ አለ። ፑንታው ትርፉ ውስጥ ገብቶ ይቆማል፤ ፓራለሉን ግን አይነካም። ታፑ እስከ 13 ይወርዳል። እቃው ተገልብጦ ትርፉ ሲነሳ ቀዳዳው በራሱ ተበስቶ ይወጣል።

5. ዟሪው እና ዋናው

አሁን «ስድስቱ ቦታ ሂድ» የሚለውን አንዴ እንጻፍ። ማክሮ (በ# የሚጠሩ ተለዋዋጭ ቁጥሮች ያሉት ኮድ) የሚቀበል መቆጣጠሪያ ይፈልጋል፦

ኦ1010
#100=1
ዋይል [#100 ኤልኢ 6] ዱ1
ኢፍ [#[500+#100] ኢኪው 0] ጎቱ 20
#511=#100
ጂ90 ጂ0 ጂ[53+#100] ኤክስ0 ዋይ0
ኤም98 ፒ#101
ኤን20 #100=#100+1
ኤንድ1
ኤም99

#100 የቦታው ቁጥር ነው። 53 ሲደመርበት 54፣ 55 እያለ እስከ 59 ይሄዳል። #101 በኤም98 የትኛው ንዑስ ፕሮግራም እንደሚጠራ ይይዛል። ከ#501 እስከ #506 ያሉት ደግሞ ማብሪያ ማጥፊያ ናቸው፤ 1 ከሆነ ቦታው ይሠራል፣ 0 ከሆነ ይዘለላል። መቶ እቃ ቢታዘዝ 16 ዙር 96 ይሰጣል፤ አራት ይተርፋል። ለመጨረሻው ዙር #505 እና #506 ላይ ዜሮ መጻፍ ነው።

ዋናው ፕሮግራም እንግዲህ እጥር ምጥን ይላል፦

ኦ1000
ጂ90 ጂ40 ጂ80
ቲ1 ኤም6
#510=1
ጂ0 ጂ54 ኤክስ0 ዋይ0 ኤስ4000 ኤም3
ጂ43 ኤች1 ዜድ50. ኤም8
#101=1001
ኤም98 ፒ1010
ጂ53 ጂ0 ዜድ0 ኤም9

ለቲ2 ይኼው ተደግሞ #101=1002፣ #510=2፤ እንዲህ እያለ እስከ ቲ5፣ መጨረሻው ኤም30። ስፒንድሉ ለባለ12 ኢንድ ሚል 8000፣ ለባለ5 ፑንታ 5000 ይበቃል። ታፑ ላይ ዙሩና ፊዱ (ቱሉ በደቂቃ የሚገፋበት ርቀት) መግጠም አለባቸው፤ የጥርሱ እርምጃ 1 ሚሊሜትር ስለሆነ ኤስ500 ከሆነ ኤፍ500 ነው። ከታፑ በፊት ኤም1 አስገቡ። የኦፕሽናል ስቶፕ ማብሪያው በርቶ ከሆነ ማሽኑ ይቆማል፤ 24ቱን ቀዳዳ በዓይን ታያላችሁ። ፑንታው ሁለተኛው እቃ ላይ ተሰብሮ ከነበረ ታፑም እዚያው ነው የሚሰበረው።

ከቦታ ወደ ቦታ ያለው ጂ0 ጉዞ ቀጥ ያለ መስመር ላይሆን ይችላል። ሁለቱ አክሲስ በየራሳቸው ፍጥነት ስለሚሄዱ መንገዱ መሀል ላይ ይሰበራል። ዜድ50 ከሁሉም ማቆሚያና ቡሎን በላይ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። የእቃዎቹ ከፍታ በጣም የሚለያይ ከሆነ ግን ዜድ50 አይበቃም፤ ዜሮ ከመቀየሩ በፊት በጂ53 (በማሽኑ በራሱ ዜሮ) እስከ ላይ አውጡት።

እንደ ፊውዥን ያለ ኮድ የሚያወጣ ሶፍትዌር ያለው ሰው ይኼን ሁሉ በእጁ ላይጽፍ ይችላል። የዜሮውን ብዛት 6 ብሎ፣ ቅደም ተከተሉን በቱል አድርጎ ያወጣዋል። ኮዱ ይረዝማል፤ ግን ምንጩ አንድ ስለሆነ አንዱን ሳይነኩ የመርሳት ጣጣ የለም። ማስተካከያውን ሶፍትዌሩ ውስጥ አድርጋችሁ ድጋሚ ማውጣት እንጂ የወጣውን ፋይል በእጅ መጎርጎር የለም።

6. መብራት ሲጠፋ

ይኼ ለእኛ ሰው የግድ ነው። በቱል ተራ መሥራት አንድ ጉድለት አለው፤ መሀል ላይ መብራት ሲሄድ ያለቀ እቃ የለም፤ ስድስት ጅምር ነው የሚቀረው። ፋኑክ ላይ ከ#500 በላይ ያሉ ቁጥሮች ማሽኑ ቢጠፋም አይጠፉም። #510 የትኛው ቱል ላይ እንደነበራችሁ፣ #511 የትኛው ቦታ ላይ እንደነበራችሁ ይዞ ይጠብቃችኋል። መቆጣጠሪያው መስመሮችን ቀድሞ ስለሚያነብ ቁጥሩ ትንሽ ሊቀድም ይችላል፤ እቃውን በዓይን አይታችሁ አረጋግጡ።

መብራት ሲመጣ ሞርሳ አትክፈቱ። እቃው ካልተነካ ዜሮው እንዳለ ነው። አክሲሶቹን ወደ መነሻ መልሱ፤ ያለቁትን ቦታዎች በ0 ዝጉ፤ ከዚያ ቱል መቀየሪያ መስመር ጀምሩ። ሌሎቹን ቱሎች ከመጥራታችሁ በፊት የዘጋችኋቸውን ቦታዎች ወደ 1 መመለሱን አትርሱ። ታፑ ቀዳዳ ውስጥ እያለ ጠፍቶ ከሆነ ዜድን ለብቻው ወደ ላይ አትሳቡ፤ ስፒንድሉን በእጅ ወደ ኋላ እያዞራችሁ አብሮ ይውጣ።

7. ሙከራ

የዜሮ ገጹ ላይ ኢኤክስቲ የሚባል መስመር አለ። እሱ ላይ ዜድ 50 ስታስገቡ ስድስቱም ዜሮዎች በአንዴ 50 ሚሊሜትር ከፍ ይላሉ። ፕሮግራሙን አየር ላይ አስኪዱት፤ በነጠላ መስመር፣ ፈጣን ጉዞውን 25 በመቶ አድርጋችሁ። ሲያልቅ ኢኤክስቲን ወደ 0 መልሱ።

ከዚያ #501 ብቻ 1፣ ሌላው 0። አንድ እቃ ቁረጡ፣ ለኩ። ቀጥሎ ስድስቱን።

8. ግልበጣው

በመጀመሪያው እስራት ዜሮው ትንሽ ቢሳሳት እቃው አያሳብቅም። ፊቱም፣ ዙሪያውም፣ ቀዳዳውም ከአንድ ዜሮ ስለተቆረጡ እርስ በርስ ይስማማሉ፤ የሚዛነፈው የጥሬው ትርፍ ብቻ ነው። እውነተኛው ፈተና ሁለተኛው ነው፤ ውፍረቱ እዚያ ነው የሚወሰነው።

ለዚህ የአሉሚኒየም ለስላሳ መንጋጋ ግጠሙ። በመንጋጋዎቹ መሀል የሚነከስ ቁራጭ አስገብታችሁ አጥብቁ። ከዚያ 6 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለውን መቀመጫ በዚያው በኦ1010 ዟሪነት ስድስቱም ላይ ቁረጡ። መቀመጫውን የቆረጠው ዜሮ እቃውን የሚቆርጠው ዜሮ ስለሆነ ሌላ መለካት አያስፈልግም። እቃው ተገልብጦ ይገባል፣ ፌስ ሚሉ 6 ሚሊሜትሩን ትርፍ ያነሳል።

ሲያልቅ እቃዎቹን ከመደባለቃችሁ በፊት የቦታቸውን ቁጥር ጻፉባቸውና ውፍረታቸውን ለኩ። ስድስቱም 10.06 ከሆኑ ቦታው ምንም አላጠፋም፤ የፌስ ሚሉን የርዝመት ማካካሻ (ጂ43 የሚያነበውን የቱል ርዝመት) በ0.06 ቀንሱ። አምስቱ 10.00 ሆነው የ3 ቁጥሩ 9.85 ከመጣ ግን ማካካሻውን እንዳትነኩ። ሥሩ ፍቅፋቂ ገብቶ እቃውን ከፍ አድርጎታል፤ ከፍ ያለው ደግሞ አብዝቶ ተቆርጧል። ቦታ 3ን በአየር ንፉት፣ በጨርቅ ጥረጉት፣ ጣታችሁን መቀመጫው ላይ አስኪዱት። ፍቅፋቂው ብዙ ጊዜ የሚደበቀው ጥጉ ላይ ነው።